ወስፋት ወይስ ትርፍ አንጀት? አልትራሳውንድ የሚለይባቸው ምልክቶች

ሕጻን ልጅ እምብርቱ አካባቢ ሲቆርጠው በብዙ ቤት ቀድሞ የሚሰማው ቃል “ወስፋት ነው” የሚል ነው። መድኃኒት ይሰጠውና እስኪነጋ ይጠበቃል። ይሁን እንጂ የትርፍ አንጀት ብግነትም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያው እምብርት ዙሪያ ነው። ከሰዓታት በኋላ ሕመሙ ወደ ቀኝ የታችኛው የሆድ ክፍል ይዞራል፤ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፤ ማቅለሽለሽ እና ትኩሳት ሊከተሉ ይችላሉ። ሕክምናው ከዘገየ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ኢንፌክሽኑ በሆድ ዕቃ ውስጥ ሊሰራጭ ይችላል።

አልትራሳውንድ የድምፅ ሞገድን ወደ ሰውነት ልኮ ነጥሮ የሚመለሰውን ወደ ምስል የሚቀይር መሣሪያ ነው። ጨረር ስለሌለው ለሕጻናት እና ለነፍሰ ጡሮች ተመራጭ ነው። በምስሉ ላይ ወስፋትም ኾነ ያበጠ ትርፍ አንጀት እንደ ቱቦ ሊታዩ ስለሚችሉ ግን ልዩነታቸውን በጥንቃቄ መመልከት ያስፈልጋል።

የጎለመሰ ወስፋት ከ15 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ሊረዝም ይችላል። በምስሉ ላይ በአንጀት ውስጥ ጎን ለጎን እንደተዘረጉ ነጫጭ መስመሮች ይታያል፤ በመካከላቸው ያለው ጠቆር ያለ መስመር የትሉ የራሱ አንጀት ነው። ትሉ በሕይወት ካለ ሲጠማዘዝ ይታያል።

የተቆጣ ትርፍ አንጀት ግን ከትልቁ አንጀት መነሻ ላይ የሚወጣ፣ ጫፉ የተዘጋ እና የማይንቀሳቀስ ቱቦ ነው። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ በመሣሪያው ሲጫኑትም አይጨፈለቅም፤ ታማሚውም በዚያው ቦታ ላይ ያመዋል።

ወስፋት መገኘቱ ብቻውን ግን ትርፍ አንጀቱ ጤነኛ ነው አያሰኝም። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊገኙ ይችላሉ፤ አልፎ አልፎም ትሉ ትርፍ አንጀት ውስጥ ገብቶ ብግነት ያስከትላል። በሰገራ ምርመራ የወስፋት እንቁላል መታየቱም እንዲሁ ነው። በአንጻሩ በአንጀት አየር ምክንያት ትርፍ አንጀቱ በምስሉ ላይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ምስሉን ከአካል እና ከደም ምርመራ ጋር አገናዝቦ ይወስናል።

የማያቋርጥ ወይም ወደ ቀኝ የዞረ ሕመም፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ የሆድ መነፋት፣ ሰገራ እና አየር አለመውጣት ከታዩ ታማሚውን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ይገባል። ወስፋትን አስቀድሞ ለመከላከል ደግሞ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ እጅን በሳሙና መታጠብ እና አትክልትን በንጹሕ ውኃ አጥቦ መመገብ ያስፈልጋል።