የሄርፒስ የደም ምርመራ ውጤት ምን ይናገራል?

አንዲት ወጣት ለጋብቻ ዝግጅት ያደረገችውን የደም ምርመራ ውጤት ይዛ ወደ ክፍሌ ስትገባ፣ ገና ሳትቀመጥ «ዶክተር፣ ሠርጉ ሊቀር ነው» አለችኝ። ወረቀቱ «ሄርፒስ ዓይነት 2፣ አይጂጂ 1.6፣ ፖዘቲቭ» ይላል። በብልቷ አካባቢ ቁስል ወጥቶባት አያውቅም። እጮኛዋ ያነበበው የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነበር፤ የቁጥሩን ትርጉም ያብራራላቸው አልነበረም።

ይህ ምርመራ የሚፈልገው ቫይረሱን ራሱን ሳይሆን ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርታቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ነው። ዓይነት 1 በአብዛኛው በልጅነት በምራቅ ንክኪ የሚተላለፍ ሲሆን፣ በተለምዶ «ምች» የምንለውን የከንፈር ቁስል ያስከትላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያመለክተው እ.ኤ.አ. በ2020 ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በታች ከሆኑት የዓለም ሕዝቦች 64 በመቶ ያህሉ ይህ ቫይረስ ነበራቸው። በመሆኑም ለዓይነት 1 ፖዘቲቭ መሆን እምብዛም የሚያስደንቅ አይደለም። ዓይነት 2 ግን በአመዛኙ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ስለሚተላለፍ ጭንቀቱ የሚበረታው በዚህኛው ነው።

በብዙ ላቦራቶሪዎች ከ0.9 በታች ኔጋቲቭ፣ ከ0.9 እስከ 1.1 አጠራጣሪ፣ ከዚያ በላይ ፖዘቲቭ ተብሎ ይመዘገባል። ሆኖም ፖዘቲቭ የተባለው ሁሉ እኩል አይታመንም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ ለዓይነት 2 ከ3.0 በታች የሆነ ውጤት በሌላ ዘዴ መረጋገጥ እንዳለበት ያሳስባል፤ በዚህ ክልል ውስጥ በቫይረሱ ሳይያዙ ፖዘቲቭ የሚባሉ ብዙ ናቸውና። ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችም ተመሳሳይ ስሕተት በርከት ብሎ አሳይተዋል። በአንጻሩ በቅርቡ የተጋለጠ ሰው ኔጋቲቭ ቢባል አስተማማኝ አይደለም፤ ፀረ እንግዳ አካላቱ በደም ውስጥ እስኪታዩ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል።

አይጂኤም የሚባለው ምርመራ ሁለቱን ዓይነቶች በትክክል አይለይም፤ ነባር ሕመም ሲያገረሽም ሊታይ ስለሚችል «በቅርቡ ነው የተያዝሽው» ለማለት ማስረጃ አይሆንም። እኔ በበኩሌ ከምርመራ ማዘዣው ላይ ቢሰረዝ እመርጣለሁ። እንዲያውም የአሜሪካ የመከላከል አገልግሎቶች ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2023 ምልክት ለሌላቸው ሰዎች የሄርፒስ የደም ምርመራ በዘልማድ እንዳይደረግ መክሯል። ቁስል ሲኖር ግን ከቁስሉ ናሙና ወስዶ በፒሲአር መመርመር ይሻላል።

በማግሥቱ ሁለቱም መጡ። እጮኛዋ የጠየቀኝ «በእርግጥ ካለባት ከማን ያዛት?» ብሎ ነው። የደም ምርመራው ከማን እንደያዛትም ሆነ መቼ እንደያዛት እንደማይናገር፣ ቫይረሱ ያለ ምልክት ለዓመታት ሊቆይ እንደሚችል ነገርኩት። ቢረጋገጥ እንኳ በየዕለቱ የሚወሰድ ቫላሳይክሎቪር ወደ እርሱ የመተላለፉን ዕድል በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ፣ ኮንዶምም እንደሚያግዝ አስረዳሁ። ለማረጋገጫ የሚሆነውን ደም የሰጠችው እርሱ አጠገቧ ተቀምጦ ነው።