ስለ ጭነት መንገድና ስለ አገር ሀብት

ክብረ ነገሥት በንግሥተ ሳባ ዘመን ስለ ነበረው ስለ ታምሪን ነጋዴ ሲናገር፥ የሰውዬውን ባለጠግነት የሚያስረዳው 520 ግመሎች ይጭን እንደ ነበረና 73 ያህል መርከቦች እንደ ነበሩት በመቍጠር ነው። የጥንት ሰዎች ነጋዴን በግመሉና በመርከቡ ብዛት መመዘናቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዕቃ ከተገኘበት ስፍራ ወደሚፈለግበት ስፍራ ካልደረሰ ሀብት ለመባል አይበቃምና። በዚህ ጽሑፍ የሚገለጸውም ጭነት እንዴት እንደሚጓዝና፥ መንገዱ፥ ጎተራውና የመጫኛው ወራት አስቀድመው ታስበው ካልተሰናዱ በገበሬውና በሸማቹ ላይ ምን ጕዳት እንደሚደርስ ነው። ዓመታቱ ሌላ ምልክት ካልተጻፈባቸው በቀር በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ለዚህ ነገር ከጨው የሚሻል ምሳሌ አይገኝም። በአፋር ቈላ የሚቈፈረው ጨው አሞሌ ሆኖ እየተጠረበ በግመል ወደ ትግራይ ደጋ ይወጣ ነበር፤ ከዚያም በበቅሎና በአህያ ወደ ጎንደር፥ ወደ ጎጃምና ወደ ሸዋ ይዘልቅ ነበር፤ በየገበያውም እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል አገር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የአሞሌን ዋጋ በየስፍራው እንዳየው ጽፎታል። ጨው በሚቈፈርበት አጠገብ 120 ወይም 130 አሞሌ ባንድ ድሪም ይገኝ ነበር፤ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ባለው ገበያ ከዚህ ቍጥር አምስት ወይም ስድስት ይጐድላል፤ እንዲህ ከገበያ ወደ ገበያ እየቀነሰ ሄዶ ንጉሡ ከሰፈሩበት ሲደርስ ባንድ ድሪም የሚገኘው ስድስት ወይም ሰባት አሞሌ ብቻ ነበር። በክረምት ደግሞ አምስት ብቻ የሆነበትን ጊዜ አይቷል።

እንግዲህ አሞሌው ከጕድጓዱ ተነሥቶ ከንጉሡ ሰፈር እስኪደርስ ዋጋው ወደ ሃያ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በመንገድ ላይ ግን አሞሌው አልነጣም፥ አልጣፈጠም፤ እንዲያውም እየተሰበረና ዝናብ እየመታው ጥቂት ሳይጐድል አይቀርም። የተጨመረው ዋጋ የግመሉ ቀለብ፥ የነጂው ድካም፥ በየኬላው የተከፈለው ቀረጥ፥ ወንዝ እስኪጐድል በዳር የተቀመጡበት ቀን ነው። የመጨረሻውን ቍጥር በተለይ ልብ ማድረግ ይገባል። ከስድስት ወደ አምስት ያወረደው ክረምት ነው፤ ዝናብ ሲጥል ርቀቱ ሳይጨምር መንገዱ ይረዝማልና። በዐባይ ዳር የኖሩ ሽማግሎች የሲራራ ነጋዴ ክረምቱን ሁሉ ወንዙን ሳይሻገር ከርሞ ከመስቀል በኋላ ይነሣ እንደ ነበረ ከአባቶቻቸው ሰምተዋል።

የጋማ ከብት ጭነት እስከ ምን ድረስ ሊደርስ እንደሚችል መምህሩ ለተማሪዎቹ በሰሌዳ ላይ ሊያሳያቸው ይችላል። አንዲት በቅሎ 80 ኪሎ ገብስ ተጭና ትነሣ እንበል፤ በመንገዱም ሣር የሌለ ይሁን፤ ለርሷና ለነጂዋ በየቀኑ 4 ኪሎ ከጭነቱ ይወጣል። በ10ኛው ቀን 40 ኪሎ አልቋል። ወደ ቤቷ ለመመለስም 10 ቀን ስለሚያስፈልጋት የቀረውን 40 ኪሎ በመልሱ መንገድ ትበላዋለች። ስለዚህ በቅሎዋ ከ10 ቀን መንገድ ወዲያ ላለ ሰው አንዲት ፍሬ ገብስ አታደርስም። በደህና ዓመት በመንገድ ዳር ሣር ስለምትግጥ ይህ ሒሳብ አይታወቅም፤ በድርቅ ዓመት ግን ሣሩም ውሃውም ይጠፋል፤ የጋማ ከብት ጭነት እጅግ በሚፈለግበት ጊዜ እጅግ ይደክማል። በጥንት ዘመን አንዱ አገር ጠግቦ ሳለ የጥቂት ሳምንት መንገድ ርቆ ያለው አገር በረኃብ ያልቅ የነበረበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው። ከዚህ ጋራ የሚነጻጸረው የዛሬው ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና ነው፤ 400 ኩንታል ይጭናል፤ ይህም እያንዳንዳቸው 50 ኪሎ የተጫኑ 800 አህዮች ማለት ነው።

በሰሜን ምሥራቅ አፍሪቃ ይህን ነገር በመጀመሪያ ከለወጡት አንዱ የጅቡቲና የአዲስ አበባ ምድር ባቡር ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የስዊስ ተወላጅ ለሆኑት ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚህ በኋላ ማኅበሩ ገንዘብ ስላለቀበትና የውጭ መንግሥታትም በባቡሩ ላይ ስለ ተከራከሩ ሥራው ለዓመታት ቆመ፤ ሌላ ማኅበር ተተክቶ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ከባሕር እስከ አዲስ አበባ በግመልና በበቅሎ ከአንድ ወር በላይ ይፈጅ የነበረው ጕዞ፥ ባቡሩ ሌሊት በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ እንኳ፥ ሦስት ቀን ሆነ።

ስለ ድሬዳዋ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በመጀመሪያ የታሰበው ሐዲዱ ወደ ሐረር እንዲወጣ ነበር፤ ሐረር ከብዙ መቶ ዓመት ጀምሮ የንግድ ከተማ ነበረችና። ነገር ግን ባቡር እንደ በቅሎ ገደል አይወጣም፤ ዳገቱን ለመውጣት የሚያስፈልገው ወጪ ስለ በዛ ሐዲዱ ከተራራው ሥር በሜዳው እንዲያልፍ ሆነ። በዚያ ሜዳ አዲስ ከተማ ተቈረቈረ፤ በመጀመሪያም አዲስ ሐረር ተብሎ ይጠራ ነበር። ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ የመጋዘኑና የጕምሩኩ ሥራ ወደ ድሬዳዋ ወረደ፤ የሐረር ነጋዴም እየወረደ ሰፈረ። ሐረርን ማንም አላጠፋትም፤ ወረቀት ላይ የተሠመረ አንድ መሥመር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ራቃት ብቻ ዕድሏ ተለወጠ። የጭነት መንገድ አስቀድሞ በሚታሰብበት ጊዜ የአገሬው ሽማግሌ ሊሰማው የሚገባው እንዲህ ያለው ውሳኔ ነው፤ ከተሠራ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ ሐዲድ አያነሣም።

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ከሆነች በኋላ ኢትዮጵያ የባሕር በር አልቀራትም። ቢሆንም እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ አብዛኛው ጭነት በአሰብ ይገባ ነበር፤ በዚያ ዓመት በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋና ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከዚያ ወዲህ በባሕር ከሚመጣውና ከሚሄደው ንግድ ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው በዚያ ባንድ ወደብ የሚያልፍ ሆነ።

የጅቡቲ መንገድ ትልቁ ችግር ሰዎች እንደሚያስቡት ርቀቱ ብቻ አይደለም። ከባሕር የሚመጣው ነዳጅ፥ ብረት፥ ስንዴ፥ ማዳበሪያ ከባድ ነው፤ ወደ ባሕር የሚወርደው ቡና፥ ሰሊጥና ጥራጥሬ ግን በሚዛን ሲታይ ከርሱ እጅግ ያንሳል። ስለዚህ ብዙ መኪና ባዶውን ወርዶ ተጭኖ ይመለሳል። ባለ መኪናው ለመውረጃውም ለመውጫውም ነዳጅ ስላወጣ የሁለቱን ወጪ ከአንዱ ጭነት ላይ ይቀበላል፤ ይህም በመጨረሻ በገጠር ሱቅ በሚሸጠው ቆርቆሮና ምስማር ዋጋ ላይ ይወድቃል። በአሳብ የተሰናዳ መንገድ የሚለየው ይህን በማስተካከል ነው፤ ይኸውም የሚወርደው ዕቃ ባንድ ስፍራ ተሰብስቦ፥ የሚመለሰው መኪና በምን ቀን ከየት እንደሚጫን አስቀድሞ እንዲታወቅ ማድረግ ነው። ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሞጆ ያለው ደረቅ ወደብ ለዚህ ይረዳል። ደረቅ ወደብ ማለት ባሕር የሌለው ወደብ ነው፤ ዕቃው ከመርከብ እንደ ወረደ ሳይፈታ እዚያ ድረስ መጥቶ የጕምሩክ ሥርዓቱ በዚያ ይፈጸማል።

በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄድ አዲስ ምድር ባቡር ከሰበታ እስከ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ተመረቀ፤ በ2010 ዓ.ም. የንግድ ሥራ ጀመረ። አንድ የጭነት ባቡር የብዙ መኪና ጭነት ባንድ ጊዜ ያነሣል። ነገር ግን የጅማ ቡና ወይም የሑመራ ሰሊጥ ከሐዲዱ አጠገብ አይበቅልም፤ እስከ ጣቢያው በመኪና መምጣት፥ በዚያ መውረድ፥ እንደ ገና መጫን ያስፈልገዋል፤ በእያንዳንዱ ማውረድና መጫን ዋጋ ይጨመራል፥ ጆንያም ይቀደዳል። ባቡር ያለ ጥርጊያ መንገድና ያለ መጋዘን ቅርንጫፍ እንደሌለው ግንድ ነው።

ከጭነት ሁሉ ስለ ቀኑ እጅግ የሚያስጨንቀው ማዳበሪያ ነው። ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ ለበቆሎ በሚያዝያና በግንቦት፥ ለጤፍ በሐምሌ ከገበሬው እጅ መግባት አለበት። ከዘር በኋላ የደረሰ ማዳበሪያ ምንም ጥራት ቢኖረው የዚያን ዓመት ሰብል አይረዳም፤ የገዛበት ዕዳ ግን አይቀርለትም። ስለዚህ አሳቢው ሰው ቀኑን ወደ ኋላ እየቈጠረ ይሄዳል፤ ከማሳው ወደ ቀበሌው መጋዘን፥ ከመጋዘኑ ወደ ሞጆ፥ ከሞጆ ወደ ጅቡቲ፥ ከጅቡቲ መርከቡ እስከ ተነሣበት አገር፥ ከዚያም ግዢው እስከ ተፈረመበት ቀን ድረስ። በዚህ ሒሳብ ለሰኔ የሚያስፈልገው ዕቃ ባለፈው መኸር ሊታሰብ የሚገባው ሆኖ ይገኛል። በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት የእርዳታ ስንዴና ማዳበሪያ የጫኑ መርከቦች ባንድ ወቅት በጅቡቲ ተሰብስበው ተራ ለመጠበቅ ተገደዱ። የዛሬው ረኃብተኛ ስንዴውን ይሻል፤ ማዳበሪያው ከዘገየ ደግሞ የሚመጣው ዓመት ረኃብተኛ ይበዛል፤ ወደቡ ግን አንድ ነው። እንዲህ ካለው ክርክር የሚያድነው ሁለቱ ሳይገናኙ አስቀድሞ መርከቦቹን በወራት መለያየት ብቻ ነው።

ጭነት ካልታሰበበት ጥጋብም ሊጐዳ እንደሚችል በ1994 ዓ.ም. ታይቷል። ሰብሉ ያማረ ነበር፤ በምዕራብ በኩል በቆሎ ተትረፍርፎ ዋጋው እጅግ ወረደ፤ ከፊሉ ገበሬ የማንሻውና የማስጫኛው ወጪ ከሽያጩ ስለ በለጠበት በቆሎውን በማሳው ላይ ተወው። የከሰረ ገበሬ በሚመጣው ክረምት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አይገዛም። በዚያው ዓመት ዝናብ ጐደለና በ1995 ዓ.ም. ከ12 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ፤ ብዙው እህልም ከባሕር ማዶ መጣ። ባንድ ዓመት ልዩነት በቆሎ በሜዳ ቀረ፤ ስንዴ በመርከብ ተጫነ።

በዮሴፍ ታሪክ እንደሚነበበው በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት የተሰበሰበው እህል ሁሉ ወደ ፈርዖን ከተማ ብቻ አልተጋዘም፤ በእያንዳንዱ ከተማ ዙሪያ የበቀለው በዚያው ከተማ ተከማቸ። ይህ የታላቅ አሳቢ ሥራ ነው፤ እህሉ በጥጋብ ጊዜ አጭር መንገድ ሄደ፤ በረኃብም ጊዜ ለሕዝቡ ቅርብ ሆነ። በኮምቦልቻ፥ በአዳማና በድሬዳዋ የመጠባበቂያ እህል ጎተራ መሠራቱ ከዚህ አሳብ የራቀ አይደለም።

ሆኖም መንገድ ብቻውን ያጠግባል ብሎ ማስተማር ስሕተት ነው። የህንድ ተወላጅ የሆኑት የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ስለ 1965 ዓ.ም. የወሎ ረኃብ ሲያስረዱ፥ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደ ረኃቡ ክፋት እንዳልናረ፥ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሄደ እህል እንደ ነበረ አሳይተዋል። ሰብሉና ከብቱ የጠፋበት ሰው የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው እህሉ ገንዘብ ወዳለበት ሄደ። መንገድ በሁለት ወገን ያስኬዳል፤ ያመጣል፥ ይወስዳልም። ስለዚህ መንገዱን የሚያቅድ ሰው በዚያ ዳር የሚኖረው ሕዝብ መግዣ እንዳለው አብሮ መጠየቅ ይገባዋል።

መንገድ ከተሠራ በኋላም የሚያፈርሰው ዝናብ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በኢሊኖይ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ1958 እስከ 1960 በተደረገው የመንገድ ፈተና፥ በአንድ የመኪና እግር ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጕዳት ወደ 16 እጥፍ እንደሚጠጋ ተገኝቷል። ከልኩ በላይ የሚጭን ሰው ለራሱ ጥቂት አትርፎ የሺሕ ሰው መንገድ ይሰባብራል፤ በየመንገዱ የሚዛን ጣቢያ የቆመውም ለዚህ ነው።

የመንገድ መሐንዲስ ካርታና ሚዛን አለው፤ የማይኖረው በየትኛው ጅረት በሐምሌ ስንት ቀን እንደሚቆም፥ የትኛው ገበያ በምን ቀን እንደሚውል፥ የማን አገር እህል በየትኛው ወር እንደሚወጣ ነው። ይህን የሚያውቁ የመንደሩ ሽማግሎች ናቸው፤ ነገር ግን በቃል የተነገረ ነገር ከጽሕፈት ቤት አይደርስም። ስለዚህ መምህሩ ከከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ጋራ በዓመት ሁለት የገበያ ቀን፥ አንዱን በታኅሣሥ ሌላውን በሰኔ፥ ወደ ገበያ በሚገባው መንገድ ዳር ተቀምጦ ሊያስቈጥር ይችላል። የሚጻፈው የአህያው፥ የጋሪውና የመኪናው ቍጥር፥ የጭነቱ ዓይነት፥ የመጣበትም ቀበሌ ነው። ሽማግሎቹ አጠገብ ቢቀመጡ ከየትኛው መንደር ሰው እንዳልመጣና የትኛው ወንዝ እንዳስቀረው ይናገራሉ፤ ይኸም ይጻፋል። ቈጠራው ፀሐይ ስትወጣ ተጀምሮ ገበያው እስኪፈታ ድረስ ይቈያል፤ ባዶውን የሚመለሰውም አህያ በሌላ መሥመር ለብቻው ይመዘገባል።