የሽንኩርቱ ሥር ምን ያሳያል?

ዛሬ ለወጥ የሚከትፉት ቀይ ሽንኩርት የሮቢን ወንዝ መስኖ ጠጥቶ ሸዋ ሮቢት ማሳ ላይ ያደገ ሊሆን ይችላል። አንዱን ለይተው ያስቀምጡልኝ።

የደረቀውን የሥሩን ጭራ ይላጩና ሽንኩርቱን ውሃ በሞላ ብርጭቆ አፍ ላይ ያስቀምጡት፤ ውሃው ታችኛውን ጫፍ ብቻ ይንካ። በየቀኑ ይለውጡለት። በጥቂት ቀን ውስጥ ነጫጭ ሥሮች ይወርዳሉ። ጫፋቸው ላይ ያሉት ህዋሳት ያለ ዕረፍት ይከፈላሉ፤ እያንዳንዱም 16 ክሮሞዞሞቹን አባዝቶ ለሁለት ያካፍላል።

ስዊድናዊው አልበርት ሌቫን በ1938 (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ ሥር የመመርመሪያ መሣሪያ አደረገው። ዛሬም ተመራማሪዎች ፀረ አረም በተቀላቀለበት ውሃ ሽንኩርት ያበቅሉና የሥሩን ጫፍ ቀለም ነክረው በማይክሮስኮፕ ያያሉ። በክሮሞዞሞቹ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ከተጎዳ የክሮሞዞም ቁራጭ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ወይም ህዋሱ ሲከፈል ክሮሞዞም መሐል ላይ ተወጥሮ ይታያል። የእርስዎ ብርጭቆ ግን ንጹህ ውሃ ይበቃዋል፤ መርዝ ወጥ ቤት አይግባ።

ጉዳቱ እንዴት ይደርሳል? ፓራኳት የተባለውን ፀረ አረም እንይ። ህዋስ ውስጥ ገብቶ ኤሌክትሮን ይቀማና ለኦክስጅን ያቀብላል፤ ተመልሶ ደግሞ ይቀማል። እንዲህ የተለወጠው ኦክስጅን ያገኘውን የሚነጥቅ ረሃብተኛ ይሆናል፤ ዲኤንኤም አይተርፍም። አንቲኦክሲዳንት ረሃብተኛው ሞሰቡን ከመገልበጡ በፊት የሚያጎርሰው ነው፤ የራሱን ኤሌክትሮን ይሰጠዋል፣ ሰጥቶም ራሱ ነጣቂ አይሆንም።

አንቲኦክሲዳንት ሲሠራ ለማየት አቮካዶ ለሁለት ይክፈሉና አንዱ ላይ ሎሚ ይጭመቁ። ያልተጨመቀበት ቀድሞ ይጠቁራል። ሌላውን የሎሚው ኮምጣጣነትና ቫይታሚን ሲ ተባብረው አቆይተውታል።

በሽንኩርት ሥር ሙከራዎችም ከፀረ አረሙ ጋር አንቲኦክሲዳንት ሲጨመር ጉዳቱ ሲቀንስ ታይቷል። ቀይ ሽንኩርት ራሱ ኩዌርሴቲን የሚባል አንቲኦክሲዳንት አለው፤ በብዛት ያለው ወደ ውጭ ባሉት ንጣፎች ነው፤ ስለዚህ ሲልጡ ብዙ አይጣሉ። ሲፈላ ከፊሉ ወደ ፈሳሹ ይወጣል፤ ወጥ ደግሞ ፈሳሹም በእንጀራ ተጠቅሶ ይበላል። ይህን የወጥ ብልሃት እወደዋለሁ።

ብርጭቆ ውስጥ የታየው ግን ፀረ አረም ለሚረጨው ሰው ዋስትና አይሆንም። ሸዋ ሮቢት ባለበት በይፋት ቆላ ሙቀት ጓንትና ረጅም እጅጌ ይከብዳል። መርጫው ጀርባ ላይ ካንጠባጠበ ግን መርዙ በቆዳ ይገባል፤ ያኔ ሽንኩርትም ሎሚም አይደርሱም። ከርጭት የሚመለስ ሰው ካለዎት ውሃና ሳሙና በር ላይ ያዘጋጁለት። ልብሱ ከልጆቹ ልብስ ተለይቶ ይታጠብ፤ በባዶው የፀረ አረም ዕቃም ውሃ አይቀዳበት።