የአፍ እርሾና የድድ ሕዋሳት

በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍ ውስጥ ካንዲዳ አልቢካንስ የተባለ እርሾ ይኖራል። ለዳቦ ከምንጠቀምበት እርሾ ጋር ዝምድና ያለው ሲኾን፣ ሰውየውን ምንም ሳያሳምመው ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ሊኖር ይችላል። ይኸው እርሾ ግን በሌላ ሰው ድድና ምላስ ላይ እንደ ረጋ ወተት ያለ ነጭ ልባስ ይሠራል፤ ልባሱም ሲፋቅ ሥሩ ይደማል። በአንዱ አፍ ጎረቤት የኾነው በሌላው አፍ ጠላት የሚኾነው ስለ ምንድን ነው?

አንደኛው ምክንያት የእርሾው ቅርጽ ነው። በሰላም ሲኖር ክብ ወይም እንቍላል መሰል ነው። ሲመቸው ግን እየረዘመ እንደ ክር ይኾንና ወደ ሕዋሳቱ ሰርስሮ ይገባል። የአፍ ውስጥ ቆዳ ሕዋሳትም ይህን ለይተው ያውቃሉ። ክቡ እርሾ ሲነካቸው የሚሰጡት ምልክት ደካማ ነው፤ ክሩ ሲበዛ ግን ሌላ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ይነሣል። ይህ ልዩነት ባይኖር ኖሮ የብዙዎቻችን ድድ ዘወትር ባበጠ ነበር።

ሕዋሳቱ ክሩን የሚለዩበት ዋናው መንገድ የታወቀው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. ነው። በሎንዶን ኪንግስ ኮሌጅ ጁልያን ናግሊክ፣ በጀርመን አገር የና በተባለች ከተማም ቤርንሃርት ሁበ ከባልደረቦቻቸው ጋር ኾነው፣ ክሩ 31 አሚኖ አሲዶች ያሉት መርዝ እንደሚያመነጭ አሳዩ፤ ስሙንም ካንዲዳላይሲን አሉት። መርዙ የሕዋሱን ሽፋን ይጐዳል፤ ካልሲየምም ወደ ውስጥ ይፈስሳል። ሕዋሱ የሚነቃውም በዚሁ ጕዳት ነው። ኢንተርሉኪን የሚባሉትን መልእክተኛ ፕሮቲኖች ይለቃል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም ጥሪውን ተከትለው ይደርሳሉ። መርዙን እንዳያመነጭ የተደረገ እርሾ እንደ ልማዱ ክር ያበቅላል፣ ይጣበቃል፣ ይገባልም፤ ነገር ግን ሕዋሱን አይጐዳም፣ ብርቱውንም ማስጠንቀቂያ አያስነሣም። ሌባው በሩን የሚሰብርበት መዶሻ ራሱ የቤቱን ሰው መቀስቀሱ፣ ለእኔ ከጥናቱ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው።

ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሙከራዎች ብዙዎቹ የተደረጉት ከጉንጭ በተገኙ ሕዋሳት ላይ መኾኑን ማሰብ ይገባል። የድድ የላይኛው ገጽ ጥፍርን በሚያጠነክረው በኬራቲን ዓይነት የጠነከረ ነው፤ ጥርስና ድድ በሚገናኙበት ጐድጓዳ ስፍራ ያለው ስስ ቆዳ ግን ይህ ጥንካሬ የለውም።

ጥሪው ተሰምቶ መላሽ ሲጠፋ በሽታው ይበረታል። ኢንተርሉኪን 17 በሚሠራበት መንገድ ላይ ጕድለት ይዘው የተወለዱ ሰዎች በአፍ እርሾ ደጋግመው ይታመማሉ፤ በኤች.አይ.ቪ. ምክንያት የቲ ሕዋሳታቸው የተመናመነባቸውም እንዲሁ። ለአስም የስቴሮይድ መድኀኒት በአፋቸው የሚስቡ ሰዎች ከሳቡ በኋላ እንዲጕመጠመጡ ሐኪም የሚያዝዘው፣ በአፍ ውስጥ የቀረው መድኀኒት ይህን መከላከያ ስለሚያዳክም ነው። በ1950 (እ.ኤ.አ.) ኤሊዛቤት ሄዝንና ራሼል ብራውን ያስታወቁት ኒስታቲን እርሾውን ይገድላል፤ የደከመውን መከላከያ ግን አያበረታም፤ ስለዚህም ያዳከመው ምክንያት ካልተወገደ ነጩ ልባስ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል።