አንድ አመልካች፣ ብዙ ቀጣሪ

ዲቪ ሲሞላ ያደገ ሐበሻ አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፦ ሁለት ጊዜ የሞላ ሰው ይሰረዛል። አሜሪካ ውስጥ ተመርቆ በኦፒቲ፣ ማለትም ለውጭ ተማሪዎች በሚሰጠው ጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ፣ የሚሠራ ወጣትም ብዙ ጊዜ ይህንኑ ፍርሃት ይዞ ነው በዕጣ ወደሚሰጠው የኤች ዋን ቢ የሥራ ቪዛ የሚሄደው። ሁለት መሥሪያ ቤቶች በአንድ ሰሞን "ስፖንሰር እናደርግሃለን" ሲሉት ይጨነቃል። አንዱን ከሌላው ይደብቃል፤ አንዳንዱም ሁለቱንም እንዳያጣ ሰግቶ ጥሩውን ሥራ ይተዋል። ፍርሃቱ አለቦታው ነው። በኤች ዋን ቢ የተለያዩ ቀጣሪዎች አንድን ሰው በዚያው ዓመት ለዚያው ዕጣ ማስመዝገብ ይችላሉ።

የተከለከለው ሌላ ነው። አንድ ቀጣሪ ያንኑ ሰው በአንድ በጀት ዓመት ሁለት ጊዜ ማስመዝገብ አይችልም፤ ከደገመ ለዚያ ሰው ያስገባው ሁሉ ይወድቃል። እህት ኩባንያዎችም ተጨባጭ የሥራ ምክንያት ከሌላቸው በቀር ለአንድ ሰው ተደራርበው ማመልከት አይፈቀድላቸውም። ከዚህ በላይ እያንዳንዱ ቀጣሪ ሥራው እውነተኛ መሆኑን፣ የአመልካቹን ዕድል ለማብዛትም ከሌላ ድርጅት ጋር እንዳልተመሳጠረ ፈርሞ ያረጋግጣል፤ ዋሽቶ ከተገኘ በሕግ ይጠየቃል። አንድ ባንክ ለዳታ ትንተና፣ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ለፕሮግራመርነት፣ ሳይተዋወቁ አንዷን ባለሙያ ቢፈልጓት ግን ምንም ነውር የለበትም።

ታዲያ ነገሩ በክፉ የተነሣው ለምንድን ነው? ዓመታዊው ኮታ 65,000 ነው፤ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ማስተርስና ከዚያ በላይ ለተማሩ ደግሞ 20,000 ይጨመርበታል። በፈረንጆቹ 2020 ምዝገባው ኤሌክትሮኒክ ሲሆን ዋጋው 10 ዶላር ብቻ ነበር። ዕጣው የሚወጣውም በሰው ልክ ሳይሆን በምዝገባ ልክ ነበር። አምስት ቀጣሪ ያስመዘገበው ሰው አምስት ጊዜ ዕጣ ውስጥ ገባ፤ አንድ ቀጣሪ ያለው አንዴ ብቻ። በማርች 2022 ምዝገባ 165,180 ያህሉ ከአንድ በላይ ቀጣሪ ላስመዘገባቸው ሰዎች የገባ ነበር። በዓመቱ ይህ ቁጥር ወደ 408,891 ተተኮሰ፤ ብቁ ከተባሉት 758,994 ምዝገባዎች ከግማሽ በላይ መሆኑ ነው። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ራሱ አንዳንዶቹ ተመሳጥረው ዕድል ለማብዛት ሳይሞክሩ እንዳልቀሩ በግልጽ ተናገረ፤ ምርመራ ከፈተ፣ ለክስ የሚሆነውንም ወደ ሕግ አስከባሪዎች መራ።

የዚህን ዋጋ የከፈለው አንድ እውነተኛ ሥራ ይዞ አንድ ጊዜ የተመዘገበው ሰው ነው። ኦፒቲ 12 ወር ነው፤ በሳይንስ፣ በቴክኖሎጂ፣ በምሕንድስናና በሒሳብ ለተመረቀ 24 ወር ይጨመርለታል። በእነዚያ ዓመታት ዕጣው ካልወጣለት ወይ ተመልሶ ትምህርት ቤት መግባት፣ ወይ ሻንጣውን መሸከፍ ነው። ስንት ቤተሰብ ተበድሮ ያስተማረው ልጅ በሌሎች ሽወዳ ከሰልፉ ወደ ኋላ ተገፋ! ይህ ግፍ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

መፍትሔው ከማርች 2024 ምዝገባ ጀምሮ መጣ። ዕጣው አሁን የሚወጣው በሰው ነው። ሰውየውን አንድ ቀጣሪ ያስመዝግበው አሥር፣ ስሙ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው እንደ አንድ ሰው ነው፤ የሚለየውም በፓስፖርቱ ቁጥር ነው። በዚያው ዓመት የተደራረበው ምዝገባ ከ408,891 ወደ 47,314 ወረደ። የምዝገባው ክፍያ 215 ዶላር በሆነበት በማርች 2025 ደግሞ ብቁ ምዝገባዎቹ 343,981 ሲሆኑ፣ የሰዎቹ ቁጥር 336,000 ገደማ ነበር።

ፓስፖርቱ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሁለት ቀጣሪ ያለው ሰው ለሁለቱም ቀጣሪዎች ጠበቆች መስጠት ያለበት የአንድ ፓስፖርት ቁጥር ነው፤ በኋላ ማመልከቻው ሲገባም የሚጠየቀው ያው በምዝገባው ላይ የሰፈረው ነው። አንዱ ጠበቃ የአሮጌውን፣ ሌላው የታደሰውን ቁጥር ከሞሉ አንዱ ሰው ሁለት ሰው መስሎ ይታያል፤ ያ ደግሞ ማጭበርበር ሊመስል ይችላል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ሊያልቅበት የተቃረበ ሰው ፌብሩዋሪ ላይ ሆኖ የትኛውን እንደሚያስመዘግብ ቢወስን ይሻላል። የአባትና የአያት ስም አጻጻፍም በሁለቱም ዘንድ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል መሆን አለበት።

ከፌብሩዋሪ 2026 ጀምሮ የሚሠራው ደንብ ነገሩን ገልብጦታል። ዕጣው በደመወዝ ደረጃ እንዲመዘን ተደርጓል፦ ከፍተኛው አራተኛ ደረጃ ያለው አራት ጊዜ ይገባል፣ አንደኛ ደረጃ ያለው አንድ ጊዜ። አንድን ሰው ብዙ ቀጣሪ ካስመዘገበው ደግሞ የሚያዝለት ዝቅተኛው ደረጃ ነው። አንዱ በሦስተኛ ደረጃ፣ ሌላው በአንደኛ ደረጃ ቢያስመዘግቡት ሦስት የነበረው ዕድሉ አንድ ይሆናል ማለት ነው። ሁለተኛ ቀጣሪ መጨመር ዕድል ሊቀንስ የሚችልበት ዘመን ላይ ተደርሷል፤ ስለዚህ እሺ ከማለት በፊት ሁለቱንም ቀጣሪዎች የደመወዝ ደረጃውን መጠየቅ ግድ ነው።

ብዙ ቀጣሪ የሚሰጠው ጥቅም ዕድል ሳይሆን ምርጫ ነው። ዕጣው ሲወጣ ሰውየውን ያስመዘገቡት ቀጣሪዎች ሁሉ ማስታወቂያው ይደርሳቸዋል፤ ሁሉም ቢያንስ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ማመልከት ይችላሉ። በዚህ መሐል አንዱ ድርጅት ሠራተኛ መቀነስ ቢጀምር ሌላው ይቀራል።

"ሌላ ኩባንያ እጨምርልሃለሁ፣ ገንዘብ አምጣ" የሚል ደላላ ካለ ግን የሚሸጠው ነገር የለውም። ዕድሉ አይበዛም፤ 500 ዶላሩን የማጭበርበር መከላከያ ክፍያና ለአሜሪካ ሠራተኞች ሥልጠና የሚውለውን ክፍያም መሸፈን ያለበት ራሱ ቀጣሪው ነው። ሥራው ወረቀት ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሲነቃበት የሚሰረዘው የሠራተኛው ቪዛ፣ የሚበላሸውም ስሙ ነው።

ቪዛው ከተገኘ በኋላ መንገዱ ይሰፋል። በኮታው አንዴ የተቆጠረ ሰው ሁለተኛ ቀጣሪ ሲጨምር ዳግም ዕጣ ውስጥ አይገባም፤ ሁለተኛው ቀጣሪ የራሱን ማመልከቻ ያስገባል፣ ሰውየውም በሁለቱም ይሠራል። ጠቅላላው ስድስት ዓመት ግን በቀጣሪ ብዛት አይባዛም። ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከእነሱ ጋር የተሳሰሩ ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎችና የምርምር ተቋማት ከኮታው ውጭ ስለሆኑ ዕጣ አይጠብቁም። በዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚሠራ ሐኪም በጎን የግል ክሊኒክ ቢቀጥረው ያለ ዕጣ ይፈቀድለታል፤ የሆስፒታሉ ሥራ ካበቃ ግን የክሊኒኩም ፈቃድ መሠረቱን ያጣል። እንዲህ ያለ ሰው የሆስፒታሉን ውል ከማፍረሱ በፊት ክሊኒኩ በማርቹ ዕጣ እንዲያስመዘግበው ማድረግ ይኖርበታል።