ዘርና ዘይት፦ የአርሲ ደጋ ማጀትና የልባችን ጤና

«በዘራችን እንዲህ ያለ ሕመም የለም!»

ይህን ቃል የሰማሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት አሰላ ውስጥ፣ አጎቴን ሊጠይቁ ከመጡ ዘመዶች አንደበት ነው። አጎቴ የሕይወታቸውን አብዛኛውን ክፍል በጭላሎ ተራራ ግርጌ ገብስና ስንዴ ሲያርሱ ያሳለፉ፣ ገበያ ደርሶ ለመመለስ የሦስት ሰዓት መንገድ በእግራቸው የሚሄዱ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸው ሲገፋ ከተማ ገብተው አነስተኛ ሱቅ ከፈቱ። ከዐሥር ዓመት በኋላ አንድ ማለዳ ደረታቸውን ወጥሮ ያዛቸው። ሐኪሙም የልባቸውን ጡንቻ ከሚመግቡት ደም ቅዳ ቧንቧዎች አንዱ ክፉኛ መጥበቡን ነገራቸው።

በአልጋቸው ዙሪያ ወዲያው ሙግት ተነሣ። ታላቅ ወንድማቸው «አባታችን ዘጠና ዓመት ኖረዋል፤ በዘራችን የለም» ሲሉ፣ ባለቤታቸው በበኩላቸው «ዘር አይደለም፤ ዘይት ነው! ድሮ ይህ የሚረጋ ዘይት መቼ ነበረና?» አሉ። በመጨረሻም ሁሉም ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። «አንተ ዶክተር አይደለህ? እስቲ ፍረደን!» የፊዚክስ ዶክተር እንጂ የልብ ሐኪም አለመሆኔን ባስረዳም ሰሚ አላገኘሁም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ሙግት የዘገየ መልሴ ነው።

የልብ ቧንቧና የአራተኛው ርቢ ሕግ

ልብ ከሁሉ በፊት ፓምፕ ናት። ዕረፍት ላይ ያለ የአንድ አዋቂ ሰው ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ትረጫለች፤ ይህም በቀን ከ7,000 ሊትር በላይ ይሆናል። ይህን ሁሉ ሥራ የምትሠራ ጡንቻ የራሷ ቀለብ ያስፈልጋታል። ቀለቧንም የሚያደርሱላት ውፍረታቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆኑ ደም ቅዳ ቧንቧዎች ናቸው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ዣን ፑዋዜይ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪምና የፊዚክስ ሊቅ በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ፈሳሽ እንዴት እንደሚያልፍ አጥንቶ ነበር። ያገኘውም ሕግ፣ ግፊቱ ካልተለወጠ የሚያልፈው ፈሳሽ መጠን ከቱቦው ሬዲየስ አራተኛ ርቢ ጋር ይመጣጠናል የሚል ነው። ተማሪዎች እርሳስ አንሥታችሁ አስሉት። ሬዲየሱ በ20 በመቶ ቢጠብ የሚያልፈው ፈሳሽ ወደ 41 በመቶ ይወርዳል። በግማሽ ቢጠብ ደግሞ አንድ ዐሥራ ስድስተኛው ብቻ ይቀራል። እርግጥ ሕያው ቧንቧ የመስታወት ቱቦ አይደለም፤ ሰውነት ትንንሾቹን ቧንቧዎች በማስፋት ጉድለቱን ለጊዜው ያካክሳል። በዚህም የተነሣ ባለቤቱ ለብዙ ዓመታት ምንም ሳይሰማው ይቆያል። የአጎቴም ቧንቧ የጠበበው ደረታቸውን በያዛቸው ማለዳ ሳይሆን ከዚያ በፊት በነበሩት ብዙ ዓመታት ነው።

ቧንቧውን ከሚያጠቡት ነገሮች ዋነኛው ኤልዲኤል የተባለው ኮሌስትሮል ተሸካሚ ቅንጣት ነው። በደም ውስጥ ሲበዛና ለረጅም ጊዜ ሲቆይ በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ እየሰረገ ይከማቻል። እንግዲህ ጥያቄያችን የኤልዲኤልን መጠን የሚወስነው ዘር ነው ወይስ ዘይት ወደሚለው ያመራል።

ቅቤ ለምን ይረጋል? ኑግስ ለምን አይረጋም?

በአሰላ ብርድ ማለዳ ተነሥታችሁ ወደ ማጀት ብትገቡ በቅቤ ቅሉ ውስጥ ያለው ረግቶ ታገኙታላችሁ። የኑግ ዘይት ግን እንደ ውኃ ይፈስሳል። ሁለቱም ቅባት ሆነው ሳለ ልዩነቱ ከምን መጣ?

ቅባቶች የሚሠሩት የስብ አሲድ ከሚባሉ ረጃጅም የካርቦን ሰንሰለቶች ነው። ካርቦኖቹ መያዝ የሚችሉትን ሃይድሮጅን ሁሉ ከያዙ አሲዱ «የጠገበ» ይባላል። የጠገበ ሰንሰለት ቀጥ ያለ በመሆኑ እንደተቆለለ ማገዶ እርስ በርሱ ተጠጋግቶ ይደረደራል፤ ስለዚህ በቀላሉ ይረጋል። በሰንሰለቱ መካከል ድርብ ትስስር ካለ ግን ሰንሰለቱ እንደ ክርን ይታጠፋል። የተጣመመ እንጨት ተስተካክሎ እንደማይቆለል ሁሉ እነዚህም ሞለኪዩሎች መደርደር ስለሚያስቸግራቸው ቅባቱ በብርድም ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል።

ልዩነቱ ከማጀት አልፎ ጉበት ድረስ ይዘልቃል። ጉበታችን ኤልዲኤልን ከደም የሚለቅሙ ተቀባዮች አሉት። የጠገበ ስብ ሲበዛ የእነዚህ ተቀባዮች ሥራ ይቀንሳል፤ ኤልዲኤልም በደም ውስጥ ይቆያል። የጠገበውን ስብ ብዙ ድርብ ትስስር ባለው ዘይት ስንተካው ግን ኤልዲኤል ዝቅ ይላል። በፋብሪካ ሃይድሮጅን ተጨምሮበት እንዲረጋ የተደረገ ቅባት ከሁሉም የከፋ ነው። ሂደቱ ሳይሟላ ሲቀር ትራንስ የሚባለው የስብ ዓይነት ይፈጠራልና።

ድርብ ትስስር ካላቸው አሲዶች ሁለቱን ሰውነታችን ሊሠራቸው አይችልም፤ የግድ ከምግብ ማግኘት አለብን። እነርሱም ከኦሜጋ-6 ወገን የሆነው ሊኖሌይክ አሲድና ከኦሜጋ-3 ወገን የሆነው አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ ናቸው። ሁለቱም ወደ ረጃጅም አሲዶች የሚለወጡት በተመሳሳይ ኢንዛይሞች ነው። አንዱ እጅግ ሲበዛ ለሌላው ወረፋው ይረዝማል። የስብ አሲድ ሚዛን የሚባለውም ይኸው ነው።

የዘር ድርሻ

የአጎቴ ወንድም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ዘረመል በልብ ጤና ላይ ትልቅ ድርሻ አለው። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን ፒሲኤስኬ-9 የተባለው ዘረመል ነው። ይህ ዘረመል የሚያሠራው ፕሮቲን ቀደም ሲል የጠቀስናቸውን የጉበት ተቀባዮች ያጠፋል። ሄለን ሆብስ፣ ጆናታን ኮኸንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ለ15 ዓመታት ክትትል የተደረገላቸውን አሜሪካውያን መርምረዋል። ከጥቁር አሜሪካውያኑ ከመቶ 2.6 በሚሆኑት ዘንድ ከዘረመሉ ሁለት ቅጂዎች አንደኛው ሥራ ያቆመ ሆኖ ተገኘ። የእነዚህ ሰዎች ኤልዲኤል በአማካይ በ28 በመቶ ያነሰ ሲሆን፣ ለልብ ደም ቅዳ በሽታ የመጋለጥ ዕድላቸው ደግሞ በ88 በመቶ ያነሰ ነበር። በተቃራኒው ተቀባዮቹን ራሳቸውን የሚያበላሽ ዘረመል የወረሱ ሰዎች ገና በጉልምስና የልብ ሕመም ሊያገኛቸው ይችላል።

በዚህ ለውጥ ወቅት በስብ አሲዶች ላይ ድርብ ትስስር የሚጨምሩት ኢንዛይሞችም የሚታዘዙት ፋድስ በተባሉ ዘረመሎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተሙ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ሥራውን በብቃት የሚያከናውነው የእነዚህ ዘረመሎች ዓይነት በአፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ እጅግ ተስፋፍቶ ይገኛል። ወደ አርሲ ጎረቤት ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የባሌን ኦሮሞዎችና የሰሜን ተራሮችን አማራዎች ሙሉ ዘረመል ያነበቡ ተመራማሪዎች ከደጋ ኑሮ ጋር በተፈጥሮ ምርጫ የተለዩ ቦታዎችን ፈልገው ነበር። ካገኟቸው አንዱ የተጠራቀመ ስብን ከሚሰብር ኢንዛይም ጋር የተያያዘው ላይፕ የተሰኘው ዘረመል ነው።

ይሁን እንጂ ዘርን ብቻ መመልከት ያሳስታል። አሰላና በቆጂ ኃይሌን፣ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ስላፈሩ ብዙዎች «የአርሲ ሯጭ ዘረመል» መኖሩን ይገምታሉ። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር የኢትዮጵያውያን አትሌቶችን ከእናት የሚወረስ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ግን የአትሌቶቹ የዘር ሐረግ ከሌላው ሕዝብ የተለየ ሆኖ አላገኙትም።

ከዚህ የበለጠ ትምህርት የሚሰጠን የቤተ እስራኤላውያን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ፣ በተለይም በግንቦት 1991 ከ14,000 በላይ የሚሆኑት በአንድ ጊዜ ወደ እስራኤል ሲወሰዱ፣ ብዙዎቹ ቀጫጭንና የስኳር በሽታ እምብዛም የማይታይባቸው ነበሩ። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ክብደታቸው ጨመረ፤ የስኳር በሽታም በረከተ። ዘረመላቸው በአውሮፕላን ጉዞው አልተለወጠም። የተለወጠው ገበታቸውና እንቅስቃሴያቸው ነው። የአጎቴም ጉዞ ከጭላሎ ግርጌ እስከ አሰላ ከተማ ቢሆንም ዓይነቱ ተመሳሳይ ነበር።

የአርሲ ማጀት ሲመዘን

እስቲ አሁን የአክስቴን ክርክር እንመዝን። ቅቤ ከስቡ ከ60 በመቶ በላይ የጠገበ ነው። አርሲ የወተትና የቅቤ አገር ነው፤ የገብስ ዱቄት በቅቤ የሚለወስበት ጩኮም የአካባቢው ሕዝብ ክብር ነው። ነገር ግን ጩኮ የሚበላው ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ወይም ከብት ሲከተል በሚውል ሰው ነበር። ገብሱም ራሱ ቤታ ግሉካን የተባለ ኮሌስትሮልን ዝቅ የሚያደርግ አሰር አለው።

ባለፉት ዓመታት ወደ አገራችን በብዛት የገባው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የጠገበ ነው። አክስቴ «የሚረጋ ዘይት» ሲሉ ሳያውቁት ትክክለኛ የፊዚክስ ምልከታ አድርገዋል። ዘይቱ የተስፋፋው ሰው ወድዶት ሳይሆን ዋጋው ስለሚቀንስ ነው። የኑግ ዘይት በአንጻሩ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ሊኖሌይክ አሲድ የያዘ በመሆኑ የጠገበውን ስብ ለመተካት እጅግ መልካም ነው፤ ሆኖም ኦሜጋ-3 የለውም ማለት ይቻላል። ይህን ጉድለት የሚሞላው ከዚያው ከደጋው ማሳ የሚበቅለው ተልባ ነው። ከዘይቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ ነው። እናቶቻችን ተልባን ወቅጠው መብላታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፍሬው ሳይሰበር ከተዋጠ እንዳለ ይወጣል። «ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ» የሚባለው ሙቀጫ በዚህ ረገድ የሥነ ምግብ መሣሪያ ነው።

የጎመንዘር ትምህርት

አርሲ የታወቀበት ሌላው የቅባት እህል ጎመንዘር ነው። ቅጠሉ ለወጥ፣ ፍሬው ለምጣድ ማሰሻ ይውላል። ከዘይቱ 40 በመቶ ያህሉ ኢሩሲክ አሲድ ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህን አሲድ በብዛት የተመገቡ አይጦች በልብ ጡንቻቸው ላይ ስብ እንደተጠራቀመ ከታየ በኋላ ብዙ አገሮች በምግብ ዘይት ውስጥ መጠኑን ገደቡ። በሰው ላይ ተመሳሳይ ጉዳት ባይረጋገጥም ጥንቃቄው ተገቢ ነበር።

እዚህ ላይ የአገራችን ልጅ ሥራ ይጠቀሳል። ጌትነት ዓለማው ከካናዳውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ጎመንዘርን ኢሩሲክ አሲድ ከሌለው የሰናፍጭ ዝርያ ጋር አዳቅለው፣ አሲዱ የሌለበትን ጎመንዘር ማግኘታቸውን እ.ኤ.አ. በ1994 አሳተሙ። በኋላም የውርሱን ሥርዓት መረመሩ፤ አሲዱን የሚወስኑት በሁለት ቦታ ያሉ ዘረመሎች ሲሆኑ እያንዳንዱ ቅጂ በግምት 10 በመቶ ይጨምራል። አራት ቅጂ፣ 40 በመቶ! እንዲህ ያለ ንጹሕ ድምር በሥነ ሕይወት ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ስለዚህ የአጎቴ ወንድምና ባለቤት ሁለቱም የእውነት ግማሽ ነበራቸው። ዘር መነሻውን ይወስናል፤ ዘይትና ኑሮ ደግሞ ከዚያ መነሻ ወዴት እንደምንሄድ። አደገኛው «በዘራችን የለም» ብሎ መዘናጋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው ጥናት ከመቶ አዋቂዎች 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው ማሳየቱን አንዘንጋ። አጎቴ ዛሬም መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ በየጠዋቱ በእግራቸው ይሄዳሉ፤ የተወቀጠ ተልባም ከገበታቸው አይጠፋም። ተልባው ግን ለመድኃኒቱ ምትክ አይደለም። ልጆቻቸውም የደም ግፊታቸውንና ኮሌስትሮላቸውን ተለክተዋል፤ የአንደኛው ከፍ ብሎ በመገኘቱ ገና በጊዜ ክትትል ጀምሯል።

በመጨረሻ ለአንባቢያን ቀላል የቤት ሥራ ልስጥ። ከማጀታችሁ የምታገኙትን ዘይትና ቅቤ በትንንሽ ብርጭቆዎች ቀድታችሁ፣ ብርድ ባለበት ሌሊት ደጅ አሳድሩት። በማለዳ የትኛው እንደረጋ፣ የትኛው እንደደፈረሰ፣ የትኛው ጥርት ብሎ እንደቀረ መዝግቡ። ከዚያም ውጤቱን ቤት ውስጥ ለሚያበስሉት አሳዩአቸው።