ድጎማ ለሸማቹ ብቻ ወይስ ለአምራቹም?

የአንድ ኅብረተሰብ የኢኮኖሚ አደረጃጀት ጥንካሬና ድክመት ጎልቶ የሚታየው በደኅናው ቀን ሳይሆን በመከራ ጊዜ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በሀገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ በተገለጸ ጊዜ ይህ እውነት ዳግመኛ ተረጋገጠ። ወረርሽኙን በምርመራ ሲከታተል የነበረው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚገኘው በጉለሌ ነው። በሽታው በአምራቹ ኑሮ ላይ ያሳረፈውን ክንድ ለመመርመርም ከዚያው ከጉለሌ ብንነሣ ተገቢ ይሆናል።

ጉለሌ በእንጦጦ ግርጌ የተዘረጋ የሸማኔውና የማገዶ ተሸካሚዋ ሰፈር ብቻ አይደለም። በግቢው ላም የሚያልብ፣ በጓሮው ጎመንና ቆስጣ የሚያለማ አምራችም ይኖርበታል። ወረርሽኙ የገባው የወተት ገበያ በሚቀዘቅዝበት በዐቢይ ጾም መካከል ነበር። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የሻይ ቤቱና የምግብ ቤቱ ደንበኛ ሳሳ፤ መጋቢት 30 ቀንም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ላሚቱ ግን ጾምም ሆነ አዋጅ አታውቅም፤ በየዕለቱ ትታለባለች፣ በየዕለቱም ፉሩሽካና ፋጉሎ ትሻለች። ወተቱ ሳይሸጥ ቢያድር ይበላሻል፤ የመኖው ወጪ ግን አይቀርም።

መንግሥት እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር ቀርቧል፤ የቆየ የታክስ ዕዳም ተሰርዟል። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረውና 604 ሺህ ሰዎችን ለመደገፍ የታቀደው የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጠቃሚዎቹን ከአካባቢ ልማት ሥራ አሳርፎ የሦስት ወር ክፍያ አስቀድሞ እንዲሰጥ ተወስኗል። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ የሠራተኛው ጉልበት ለነገ እንዲቆይ የሚያደርግ የኅብረተሰብ ግዴታ ነው።

ይሁን እንጂ ተቃርኖው የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። የባንክ ገንዘብ የሚደርሰው መያዣ ላለው ነው፤ የታክስ ምሕረት የሚጠቅመው በግብር መዝገብ የሰፈረውን ነው። ሁለት ላሞች ያሉት የጉለሌ አርቢ መያዣም መዝገብም ከሌለው ከሁለቱም ውጭ ይቀራል። ላም ስላለው ደግሞ ከድኾች ተርታ ላይቆጠር ይችላል። ድኻ ነው ተብሎ እንዳይረዳ ሀብታም፣ ነጋዴ ነው ተብሎ እንዳይበደር ድኻ ይሆናል ማለት ነው።

«ሸማቹ ገንዘብ ካገኘ አምራቹም ገበያ ያገኛል» የሚሉ አሉ። አባባሉ ከፊል እውነት አለው። ነገር ግን የተቸገረ ቤተሰብ ያገኘውን ብር በቅድሚያ የሚያውለው ለጤፍ፣ ለዘይትና ለቤት ኪራይ እንጂ ለወተት አይደለም። ገበያው እስኪመለስ ድረስ መኖ ያጣው አርቢ ላሚቱን ለሥጋ ቢሸጣት፣ በኋላ የሚመጣው ብር የጠፋችውን ላም አይመልሳትም። ብር ሊታተም ይችላል፤ ጥጃ ግን ላም እስኪሆን ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ የፍጆታ ድጎማ ያለ ምርት ድጎማ ግማሽ መንገድ ነው።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር የከተማው ነዋሪ ወተትና እንቁላል በግቢው እንዲያመርት ጥሪ አቅርቧል። እንዲያመርት የተጠራ አምራች በመከራው ቀን ሊረሳ አይገባውም። በመሆኑም ወረዳዎች የጓሮ አምራቹን ዛሬውኑ በስምና በከብት ብዛት ሊመዘግቡት፣ ማኅበራትም የመኖ መጠባበቂያ ሊያከማቹለት ይገባል። የችግር ቀን መዝገብ የሚዘጋጀው ችግሩ ከመድረሱ በፊት ነውና።